ማን ቆጠረው? የሳምንቱ ዘፈን ከለንደን እስከ ሎጊያ

(ሰመራ ላይ ለሕዝብ የቀረበ የምሽት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የወጣ)

ፀሐይዋ እስክትበርድ ጠብቀን መገናኘታችን ደግ ነው። በቀን ቢሆን ኖሮ ከእኔ ንግግር ይልቅ የቬንትሌተሩን ድምፅ ነበር የምትሰሙት።

ጋባዦቼ ርእሱን የነገሩኝ በስልክ ነው። «በራዲዮ በየሳምንቱ ስለሚነገረው የዘፈኖች ደረጃ ትዝታህን አጫውተን» አሉኝ። እኔም ሳላስብ «የትኛው?» አልኳቸው። እንግሊዝና አሜሪካ ያሉ እኩዮቼ በዚህ ርእስ ሌሊቱን ሙሉ ሊያወሩ ይችላሉ፤ የትኛው ዘፈን ስንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ እንደከረመ፣ የትኛው ሳይገባው እንደወጣ፣ የትኛው ግፍ እንደተሠራበት። እኛ ግን አገር የሚያምነው፣ በየሳምንቱ የሚታወጅ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ ኖሮን አያውቅም። አንዳንድ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች «ቶፕ ቴን» እያሉ የሚያቀርቡት አለ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ የአቅራቢው ምርጫ ነው። የሌለ ነገር ትዝታ ማውራት ይከብዳል። ሳሰላስለው ግን አለመኖሩ ራሱ ብዙ የሚያስወራ ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ዓላማ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ዘፈን «አንደኛ ወጣ» ሲባል ማን ቆጠረው? ከየት ቆጠረው? እነማንንስ ሳይቆጥር ቀረ? መጀመሪያ ነገሩ የተወለደበትን አገርና እዚያ የታዩትን ጉዶች አነሣለሁ። ቀጥዬ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የአገራችን ችግር እንዴት በዚያ ሰንጠረዥ አናት ላይ እንደተቀመጠ እናያለን። ከዚያ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሸክላና ወደ ካሴት እንመለሳለን፤ በመጨረሻም በዚህ በአዋሽ ሸለቆ መንገድ ላይ እንወርዳለን። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ፤ በእኛ ሲሆን ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

እንግዲህ ከውጭው እንጀምር። የዘፈን ሰንጠረዥ የተወለደው ከጥበብ ፍቅር ሳይሆን ከነጋዴ ወረቀት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ የተባለው የንግድ መጽሔት በሐምሌ 1940 በየሱቁ በብዛት የተሸጡትን ሸክላዎች በደረጃ ማተም ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ1935 አንሥቶ፣ «ዩር ሂት ፓሬድ» የሚባል የራዲዮ ፕሮግራም የሳምንቱን ተወዳጅ ዘፈኖች ያሰማ ነበር። የሚያስቀው ግን ዘፈኖቹን የሚጫወቱት የፕሮግራሙ የራሱ ድምፃውያንና ባንድ መሆናቸው ነው። አድማጩ የወደደውን ዘፈን እንጂ የወደደውን ዘፋኝ አያገኝም ነበር።

እንግሊዝ አገር የተደረገው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ኅዳር 1952 ነው። ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ በሚባል ጋዜጣ የማስታወቂያ ሰው የነበረው ፐርሲ ዲኪንስ ስልኩን አንሥቶ ወደ 20 የሚጠጉ ሸክላ ሻጮች ጋ ይደውላል። በዚህ ሳምንት የትኛው በደንብ ተሸጠላችሁ ይላቸዋል፤ የነገሩትን ይጽፋል፣ ይደምራል፣ ያትማል። የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ ሃያ ሱቅ። የመጀመሪያው ዝርዝር አሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ኖሮት አሥራ አምስት ዘፈን ተጻፈበት፤ እኩል የወጡ ስለበዙ ማንን እንደሚጥሉ ቸገራቸው። አንደኛ የወጣው አል ማርቲኖ የሚባል አሜሪካዊ ነበር።

ሃያ ሱቅ ስለ አንድ አገር ሕዝብ ጆሮ ተናገረ ማለት ነው። ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ ነውና፣ ቁጥሩ ከየትኞቹ ሱቆች እንደሚሰበሰብ ያወቁ የሸክላ ኩባንያዎች የራሳቸውን ሸክላ በገዛ ገንዘባቸው የሚገዙ ሰዎች ወደነዚያ ሱቆች መላክ ጀመሩ። ዘፈኑ ሰው ሳይሰማው ደረጃ ውስጥ ይገባል፤ ደረጃ ውስጥ ስለገባ ራዲዮ ያጫውተዋል፤ ራዲዮ ስላጫወተው ሰው ይገዛዋል። አሜሪካም ቢሆን እስከ 1991 ድረስ ቁጥሩ የሱቅ ሠራተኛ ቃል ነበር። በዚያ ዓመት ቢልቦርድ በዕቃው ላይ ያለውን የመስመር ኮድ የሚያነብ ማሽን ሒሳብ መጠቀም ሲጀምር፣ የገጠሩ የካንትሪ ዘፈንና የጥቁሮቹ ሠፈር ራፕ ድንገት ወደ ላይ ተፈናጠሩ። የሕዝቡ ጆሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ አልተለወጠም። የሱቅ ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት «ይህ እኮ ዘፈን አይደለም» ብለው ያሳነሱት ነገር ነው የታየው።

ፖለቲካም አለበት። በ1977፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ 25ኛ የንግሥና ዓመታቸውን ሲያከብሩ፣ ሴክስ ፒስቶልስ የተባሉ ጎረምሶች ዘውዱን የሚሳደብ ነጠላ ዜማ አወጡ። ቢቢሲ አላጫውትም አለ። ዘፈኑ ግን ሁለተኛ ወጣ። አንዳንድ ሱቆች በለጠፉት ዝርዝር ላይ የሁለተኛውን ቦታ ባዶ መስመር አድርገው ተዉት። አንደኛ ሊወጣ ሲገባው ሆን ተብሎ ሁለተኛ ተደረገ የሚል ሐሜት እስከ ዛሬ አልበረደም። ሳንሱርን የምናውቀውን እኛን ይህ አያስደንቀንም፤ የሚያስደንቀው ባዶውን መስመር መለጠፋቸው ነው። የእኛው ሳንሱር ባዶ ቦታ እንኳ አይተውም ነበር።

አንድ ልጨምርና ወደ ዋናው ልለፍ። በመጋቢት 2017 ኤድ ሺራን የሚባለው ቀይ ጸጉራም እንግሊዛዊ አዲስ አልበም አወጣ። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት የተደመጠ ዘፈንም እንደ ተሸጠ ይቆጠር ስለነበር፣ የአልበሙ 16 ዘፈኖች በሙሉ በአንድ ሳምንት እስከ ሃያ ባለው ደረጃ ውስጥ ገቡ። ለሌላው ዓለም የተረፈው አራት ቦታ ብቻ ነበር። የሰንጠረዡ ሹማምንት ደነገጡና ከዚህ በኋላ ለአንድ ዘፋኝ ከሦስት ዘፈን በላይ አይቆጠርም የሚል ደንብ አወጡ። ደንቡ ተገቢ ይሁን አይሁን አልከራከርም። ሕዝቡ ያደረገውን ቆጥሮ ሲያበቃ «እንዲህማ አይሆንም» ብሎ ቆጠራውን የሚያርም ሰንጠረዥ ግን ሥራው መቁጠር ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልምጣ፤ ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞችን አንድ ስቱዲዮ ሰብስበው «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም አንድ ነጠላ ዜማ ቀዱ። «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» የሚለው ማለቴ ነው። ወዲያው አንደኛ ወጣ፤ አምስት ሳምንት ቆየ፤ በእንግሊዝ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እስከ 1997 ድረስ በዚያ አገር እሱን በሽያጭ የበለጠ ነጠላ ዜማ አልነበረም።

ገንዘቡ እህልና መድኃኒት ሆኗል፤ በዚያ የዳኑ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ በዘፈኑ ላይ ማፌዝ አይገባኝም። ነገር ግን ግጥሙ አፍሪካን ዝናብ የማይወርድባት፣ ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ያቀርባታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዘፈኑ ለንደን ውስጥ አንደኛ ሆኖ በሚጫወትበት ሳምንት አዋሽ እዚህ ከአጠገባችን እየፈሰሰ በዱብቲም በአሚባራም የጥጥ እርሻ ያጠጣ ነበር። ያ የመስኖ መሬት የማን የግጦሽ መሬት እንደነበረ፣ በድርቅ ጊዜ ከብት ወደ ወንዝ መውረጃ ሲያጣ ምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። የጎደለው ወንዝ አልነበረም። ይህን ነጠላ ዜማ ውስጥ ማስገባት ግን አይቻልም። ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን የሚለውም ጥያቄ ቢሆን፣ ደገኛው ገናን በታኅሣሥ 29 ሲያከብር ከፈረንጆቹ ሰንጠረዥ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል፤ የአፋሩን ሰው ደግሞ ስለ ዒድ ቢጠይቁት ይሻል ነበር።

በዚያ ገና ሁለተኛ የወጣው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። «ላስት ክሪስማስ» የተባለው የዋም ዘፈን ነው። ጆርጅ ማይክልና ጓደኛው ያን ጊዜ ከዘፈኑ የሚገኘውን ገቢ ለዚሁ ለኢትዮጵያ ድርቅ ሰጡ። ስለዚህ በዚያ ሳምንት አንደኛውም ሁለተኛውም ለእኛ ነበሩ ማለት ይቻላል። ዋም ያን ጊዜ ያጣውን አንደኝነት ያገኘው በጥር 2021 ነው፤ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ገና ሲመጣ ሰው በስልኩ ደጋግሞ ሲያደምጠው። ጆርጅ ማይክል በ2016 አርፎ ነበርና አላየውም።

በእነዚያው ወራት ኮረም መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው፣ ወይም ከብቱ አልቆበት ወደ አዋሽ ዳር የወረደ አርብቶ አደር፣ ስሙ በዘፈን እንደሚነሣ አያውቅም ነበር። የሰንጠረዥ ጠባዩ ይህ ነው፤ የሚቆጥረው የሚገዛውን እንጂ የሚዘፈንለትን አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ነጠላ ሸክላ የነበረን ሕዝብ ሰንጠረዥ ለምን አልነበረንም? ዜማው ጠፍቶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በ1948 በወጣ ንጉሠ ነገሥታዊ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆነ። አምሐ እሸቴ የሚባል የሸክላ ሱቅ የነበረው ወጣት በ1969 ይህን ትእዛዝ ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ አስመጣ። ቢያስሩኝ ያስሩኝ ብሎ የገባበት ሥራ ነው። ከዚያ እስከ 1975 አምሐ ሪከርድስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ከዚያ በኋላ አገር ጥሎ ወጣ። ዛሬ ፈረንጆች «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ወርቃማ ዘመን እያሉ የሚያደንቁት ሙዚቃ ጥሩ ድርሻው ከእነዚያ ሸክላዎች የተወሰደ ነው። አምሐም አለማየሁም በ2021፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አረፉ።

ያን 103 ለስድስት ዓመት አካፍሉት፤ ለወር ሁለት እንኳ አይደርስም። ሌሎቹን አሳታሚዎች፣ ካይፋ ሪከርድስንና ፊሊፕስን፣ ብንጨምርም ብዙ አይሆንም። እንግሊዞቹ በሳምንት የሚያወጡት ሸክላ ሰንጠረዥ ካልተሠራለት የሚጠፋባቸው ብዛት ነበረው። እኛ አገር አንድ ሸክላ ሲወጣ ሻጩ ሱቁ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ይለቀዋል፤ መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ነገር በየሳምንቱ ካልመጣ የሳምንት ደረጃ ለምን ያስፈልጋል?

የውጭው ሰንጠረዥ ራሱ ግን በሌላ በር ገብቶብን ነበር። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጦር ሠፈር ራዲዮ ለወታደሮቹ የአገራቸውን የሳምንት ተወዳጆች ያሰማ ነበር። የእኛ ጎረምሶች ጄምስ ብራውንንና ኤልቪስን የተማሩት በከፊል ከዚያ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ ሳይቆጠር በሌሎች ቆጠራ የተማረ ሙዚቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ካሴት መጣ፤ የሰንጠረዥ ተስፋ በዚያው አበቃ። ካሴት ነጠላ ዜማ አይደለም፤ አሥር ያህል ዘፈን በአንድ ሣጥን ነው። ሰው የገዛው ለየትኛው ዘፈን እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞም አንዱ ይገዛል፣ አምስቱ ያስቀዳል። ካሴት የምታስቀዱበት ሱቅ የሌለበት ከተማ ነበረ? አዋሽም ነበር፣ አሳይታም ነበር። ኦሪጅናሉ ስንት እንደተሸጠ ሙዚቃ ቤቱ ብቻ ያውቃል፤ ሙዚቃ ቤቱ ደግሞ ለዘፋኙም፣ ለግብር ሰብሳቢውም ትክክለኛውን ቁጥር የሚናገርበት ምክንያት አልነበረውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ካሴት እያረጀ ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለእኔ ዋናው ነው። የፈረንጅ ሰንጠረዥ ሳምንት ሁሉ እኩል ነው ብሎ ያምናል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ግን እንዲያ አይደለም። አልበም የሚወጣው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ጭፈራ ይቀዘቅዛል፣ መዝሙር ከፍ ይላል። እዚህ ቆላው ላይ ረመዳን ሲገባ ካሴቱ ሁሉ ተነሥቶ መንዙማና ነሺዳ ይገባል፤ ዒድ ሲደርስ ሌላ ነገር ይጀምራል። በሁዳዴና በረመዳን «የሳምንቱ አንደኛ ዘፈን» ብለን ብናውጅ ማን ያምነናል? ፈረንጆቹም ይህን ዘግይተው አወቁት። የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን በ1994 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነው በ2019 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመላለሳል። እኛ ይህን እንደ ጉድ አናየውም፤ መስከረም በመጣ ቁጥር የአባቶቻችን የአዲስ ዓመት ዘፈን ከዘንድሮው አልበም በላይ እንደሚሰማ እናውቃለን። ዓመታዊ ምርጫ ከጠባያችን ጋር የሚስማማው ለዚህ ይመስለኛል። ለዛ የተባለው የራዲዮ ፕሮግራም ለዓመታት ያካሄደው የአድማጮች ምርጫ ሽልማት የዓመቱን ዘፈን እንጂ የሳምንቱን አልጠየቀም።

ታዲያ ከራዲዮ ጋር ምን ነበረን? የዘፈን ምርጫ ነበረን። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። አድማጭ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን ዘፈን ለመምረጥ ብቻ አይደለም። ለእናቱ፣ ለወንድሞቹ፣ በግዳጅ ላይ ላሉ ጓዶቹ፣ «ስማችሁን ያልጠቀስኩ ቅር እንዳይላችሁ» ብሎ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታ ይልካል። አንባቢው ስሞቹን ዘርዝሮ ሲጨርስ ሰዓቱ ያልቅና ዘፈኑ ከመካከሉ ይቆረጣል። ቴፑን ደግነን፣ ጣታችንን ቁልፉ ላይ አድርገን ስንጠብቅ የቆየን ልጆች የቀዳነው ግማሽ ዘፈንና ሙሉ ሰላምታ ነው። አዋሽ አርባ ላይ የነበረ ወታደር ስሙ በራዲዮ ሲነበብ ሙሉ ሠፈሩ ይጮህ ነበር። እኔ እንደምረዳው ሕዝቡ ራዲዮኑን የፈለገው የትኛው ዘፈን እንደበለጠ ለማወቅ አልነበረም፤ እኔን ያስታወሰኝ ማን ነው ብሎ ነው። የእንግሊዙ ልጅ እሑድ ማታ አንደኛውን ለመስማት ሲጠብቅ የእኛው ስሙን ይጠብቅ ነበር።

ይህ የሚያምር ነገር ቢሆንም ጉድለት አለበት። ደብዳቤ የሚጽፈው የተማረው ነው፤ ፖስታ ቤት ያለው ከተማ ነው፤ ቋንቋውም በአብዛኛው አማርኛ ነው። ከጋዋኔ ወጣ ብሎ ግመል የሚጠብቅ ልጅ ራዲዮ ይሰማል እንጂ አይመርጥም። እሱ ደግሞ የሚሰማው የአዲስ አበባውን ብቻ አልነበረም። የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት ማታ ማታ ከሰማይ እየተንጸባረቀ ሩቅ ይሄዳልና፣ ጅቡቲ በአፋርኛና በሱማልኛ፣ የመንና ሳዑዲ በዓረብኛ እዚህ ቆላ ድረስ ይመጣሉ። ማንም ጣቢያ ሳያውቀው የአራት አገር ዘፈን በአንድ ጆሮ ውስጥ ይወዳደር ነበር።

እዚህ ላይ መንገዱን ላንሣ። ከአዋሽ በጋዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ የሚያልፈው አስፋልት እስከ 1998 ጦርነት ድረስ ወደ አሰብ የሚሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎን የመሠረታት ባቡሩ ነው፤ በኋላ ግን ከተማዋን ያስመሸው የቦቴና የተሳቢ ሹፌር ነው። ሹፌሩ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ኤፍ ኤም ከፍቶ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ ከተማው የሚያወራውን አዲስ ዘፈን እያዳመጠ ይወጣል። ናዝሬትን ካለፈ በኋላ ግን ድምፁ እየሳሳ፣ እየተንሿሿ ሄዶ ይጠፋል፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ከአንቴናው ተራራ አልፎ አይታጠፍም። የአዲስ አበባ ተወዳጅ ዘፈን ድንበሩ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ሹፌሩ ይመርጣል፤ ያኔ በካሴት፣ አሁን በፍላሽ። ኬላ ላይ ዕቃ ሲፈተሽ ሁለት ሰዓት ይቆማል፤ ረዳቱ ከሌላ መኪና ረዳት ጋር ፍላሽ ይለዋወጣል። ማታ ሚሌ የደረሰው ዘፈን ጠዋት ጅቡቲ መግቢያ ላይ ተሰልፏል።

ሎጊያ ውስጥ ሚሞሪ የሚሞላ አንድ ወጣት ሱቅ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከአንድ ሰው በላይ የማታስገባ ቆርቆሮ ቤት ናት፤ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ ማራገቢያ። ማራገቢያው የሚነፍሰው ለእሱ ሳይሆን ለላፕቶፑ ነው። ማሽኑ ላይ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፤ አማርኛ አዲስ፣ አማርኛ ድሮ፣ አፋር ሠርግ፣ ሱማሌ፣ ነሺዳ፣ ከታች ደግሞ «ሹፌር» የሚል። ሹፌር ውስጥ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። «ሁሉም አለ፤ በሌሊት የማያስተኛው ነው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ዘፈን ስም ፊት ላይ ቁጥር እየጨመረ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ መጠየቅ ያቆሙትን ወደ ታች ይጥላል። የሳምንት የለውም፤ እጁ ሲያርፍ ያስተካክለዋል። ያ ልጅ ፐርሲ ዲኪንስ የሚባል ሰው እንደነበረ አልሰማም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። እንዲያውም የሎጊያው ይሻላል። ዲኪንስ በስልክ የነገሩትን ጻፈ፤ ይህ የራሱን ደንበኛ ፊት ለፊት እያየ ይቆጥራል።

አሁን ነጠላ ዜማ ተመልሷል። ዘፋኞቻችን አንድ ዘፈን ሠርተው ዩቲዩብ ላይ ይለቃሉ፤ በማግሥቱ «ይህን ያህል ሚሊዮን ታየ» ይባላል፤ የእኛ ሰንጠረዥ ይህ ሆኗል። በውጭውም አገር ስማችን ተነሥቷል። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በግንቦት 2017 በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ዝርዝር አንደኛ ወጥቷል። ከዚያም ቀድሞ በ2015፣ ቶሮንቶ የተወለደው የእኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ «ዘ ሂልስ» የተባለውን ዘፈን በአማርኛ ቃላት አሳርጎ አሜሪካ ውስጥ ስድስት ሳምንት አንደኛ ቆየ። «ብላይንዲንግ ላይትስ» ደግሞ በቢልቦርድ የምንጊዜም አንደኛ ተብሏል። ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን የዩቲዩቡን ቁጥር ማን ያመጣዋል? ዋይፋይ ያለው፣ ቨርጂኒያም ሆነ ዱባይ ተቀምጦ ደጋግሞ የሚከፍተው። ሎጊያ ላይ ሚሞሪ የሚያስሞላው፣ አውቶቡስ ውስጥ በዜንደር የሚቀባበለው፣ በአሳይታ ሠርግ እስኪነጋ በአፋርኛ ዘፈን የሚጨፍረው አይቆጠርም። አማርኛ በኒውዮርክ ተቆጥሯል፤ አፋርኛ በሰመራ አልተቆጠረም።

እናንተ ግን ስለ ቆጠራ ከማንም ያነሰ እውቀት የላችሁም። ዳጉ አላችሁ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ብለው ይጠያየቃሉ፤ ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን ከማን እንደሰማው ለይቶ ይናገራል። ጨምሮ ወይም ቀንሶ ያወራ ሰው ይነወርበታል፣ በባህሉም ሕግ ይጠየቅበታል። እስካሁን ያነሣኋቸው ሰንጠረዦች ሁሉ የጎደላቸው ይህ ነው። ማንም አንባቢ ሃያዎቹ ሱቆች እነማን ናቸው፣ ማንስ ሄዶ አየ ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቁት ኩባንያዎቹ ናቸው፣ እነሱም ለማጭበርበር።

ስለዚህ ልማጸናችሁ የመጣሁት ይህን ነው። ከሰመራ በአፋርኛ ለሕዝብ የሚናገር ራዲዮና ቴሌቪዥን እጃችሁ ላይ ያላችሁ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስጡን። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከጋዋኔ፣ ከሚሌ፣ ከሎጊያ፣ ከዱብቲና ከአሳይታ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብ፤ በሳምንቱ ሚሞሪ ቤት ምን እንደተጠየቀ፣ ሠርግ ላይ ምን እንደተደገመ፣ መኪና ውስጥ ምን እንደተሰማ ይናገር። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ይበል። ቁጥሩን ያመጡት እነማን እንደሆኑ ከዘፈኑ በፊት ይነገር። በረመዳን ዝርዝሩ የመንዙማና የነሺዳ ይሁን፤ አታቋርጡት። ዘፋኙን ብቻ ጠርታችሁ ግጥሙን የሰጠውንና ዜማውን ያወጣውን አትለፉ፤ ይህ የአገራችን ራዲዮ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። የየሳምንቱንም ዝርዝር ከነቀኑ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ በቃል የቀረ እንደሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ የሚከራከርበት ያጣል።

ቤታችሁ ውስጥ የአፋርኛ ሠርግ ወይም የድሮ የራዲዮ ሥርጭት የቀዳችሁበት ካሴት ያላችሁ ደግሞ፣ ክሩ በሙቀት ሳይጣበቅ አውጡትና ዛሬ ማታ ስወጣ አነጋግሩኝ። ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተቀዳ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ የምታስታውሱትን አብራችሁ ንገሩኝ።